ለትርፍ ጊዜ ፎቶግራፊ ካሜራና ሌንስ ስለመምረጥ፦ ሐዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚታይ ሰው ከዓሣ አስጋሪው እስከ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ድረስ ጠያቂ አያጣም። ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች አሞራ ገደል፣ ፍቅር ሐይቅና ታቦር ተራራ ላይ በተለያየ ጊዜ ለጸሐፊው የቀረቡ ሲሆኑ፣ መልሶቹም የተዘጋጁት ፎቶ ማንሳትን ለእንጀራው ሳይሆን ለደስታው ለሚሠራ ሰው ነው። ዋጋ ሆን ተብሎ አልተጠቀሰም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የካሜራ ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ነገ የሚያረጅ ሆኗልና።

ስልኬ ጥሩ ፎቶ ያነሳል፤ ካሜራ መግዛት ያስፈልገኛል?

ላያስፈልግዎት ይችላል። የልጅ ልደት፣ የምሳ ገበታ፣ ከጓደኛ ጋር የሚነሱት ማስታወሻ በዛሬ ስልክ ከበቂ በላይ ይነሳል። እንዲያውም ስልክ በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶዎችን አንስቶ ስለሚያዋሕድ፣ ጥላና ብርሃን በተቀላቀለበት ቦታ ካሜራ ገና ከጨበጠ ጀማሪ የተሻለ ውጤት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካሜራ የሚያስፈልገው ስልኩ እምቢ ያለዎት ነገር ሲኖር ነው። አሞራ ገደል ውስጥ ከፍ ብላ ዛፍ ላይ የተቀመጠች ጉሬዛን በስልክ አቅርበው ያንሷትና ፎቶውን አስፍተው ይመልከቱት፤ ጥቁሩ ፀጉሯ ከቅጠሉ ጥላ ጋር ተዋሕዶ ቅርጽ ያጣል፣ ነጩ ጭራዋም ዝርዝር የሌለው የጥጥ ቁራጭ ይመስላል። ረጅም ሌንስ የተገጠመለት ተራ ካሜራ ግን ፀጉሩን ከፀጉር ለይቶ ያሳያል። እንዲህ ያለ እንቢታ ገጥሞዎት የማያውቅ ከሆነ ገንዘብዎን ቢያቆዩት ይሻላል።

ገንዘቤን ቦዲው (የካሜራው አካል) ላይ ላውጣ ወይስ ሌንሱ ላይ?

ሌንሱ ላይ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ቢሆን ይኸኛው እንዲሆን እፈልጋለሁ። ካሜራ ሻጮችም ገዢዎችም የሚከራከሩት ስለ ቦዲው ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ካሜራው የሚገባውን የብርሃን መጠን፣ የእይታውን ስፋትና የጀርባውን ብለር (መደብዘዝ) የሚወስነው ሌንሱ ነው። ቦዲ በየጊዜው አዲስ ሞዴል ይወጣለትና ዋጋው ይወርዳል፤ በአግባቡ የተያዘ ሌንስ ግን ሁለትና ሦስት ቦዲ ይሸኛል። በካኖን የኢኤፍ መግጠሚያ (ሌንሱ ቦዲው ላይ የሚያያዝበት ክፍል) በ1987 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሌንስ ዛሬም በዚያው መግጠሚያ ባለው ዲጂታል ካሜራ ላይ ይሠራል።

ስለዚህ በእጅ ያለው ገንዘብ ውሱን ከሆነ ያገለገለ ቦዲ ከጥሩ ሌንስ ጋር ማጣመር፣ አዲስ ቦዲ ከኪት ሌንስ (ከካሜራው ጋር አብሮ ከሚሸጠው ሌንስ) ጋር ከመግዛት ይመረጣል። ይህን የሚጽፈው ሰው የያዘው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 700ዲ መሆኑም ይታወቅለት።

ዲኤስኤልአር ይሻላል ወይስ ሚረርለስ?

ዲኤስኤልአር ውስጡ መስታወት ያለው፣ በመመልከቻው ቀዳዳ ትክክለኛውን ብርሃን የሚያሳይ ካሜራ ሲሆን፣ ሚረርለስ ደግሞ መስታወቱ ቀርቶ ሰንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚለውጠው ክፍል) የሚያየውን በትንሽ ስክሪን የሚያሳይ ነው። ካኖንም ኒኮንም በ2018 እ.ኤ.አ. አዲሶቹን የሚረርለስ መግጠሚያዎቻቸውን ካስተዋወቁ ወዲህ የምርምር ጉልበታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። አዲሱ የፎከስ ሥርዓት የሰውን ዓይንና የወፍን ጭንቅላት ፈልጎ ስለሚከተል፣ ፎቶው ከመነሳቱ በፊትም የሚጨልም ወይም የሚነጣ መሆኑን ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይመቻል።

ለእኛ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። እዚህ አገር በሁለተኛ እጅ የሚሸጡት ሌንሶች፣ የሚዋሱት ባትሪዎች፣ ጠጋኞች እጃቸው የለመደው ካሜራ በአብዛኛው የዲኤስኤልአር ዘመን ናቸው። የባትሪውም ነገር ቀላል አይደለም፤ መብራት በሄደበት ማግስት ጠዋት ሐይቅ ዳር ለሚወጣ ሰው፣ በፋብሪካው መለኪያ በአንድ ቻርጅ 1,070 ፎቶ የሚያነሳው ካኖን 250ዲ ከብዙ ትናንሽ ሚረርለሶች የበለጠ እምነት ይጣልበታል። በአዲስ ዋጋ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ሚረርለስ ይግዛ፤ ያገለገለ የሚፈልግ ሰው ዲኤስኤልአር ገዝቶ በቀረው ገንዘብ ሌንስ ይጨምር። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር አማካይነት በአዲሶቹ የአር (የካኖን ሚረርለስ) ካሜራዎች ላይ ከነፎከሳቸው ስለሚሠሩ፣ ዛሬ የተገዛው ሌንስ ነገ የሚጣል አይሆንም።

ካኖን፣ ኒኮን ወይስ ሶኒ?

ጎረቤትዎ ወይም ጓደኛዎ የያዘውን ይግዙ። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሌንስ መዋዋስ፣ ቻርጀር መጋራት፣ ግራ የገባን ማስተካከያ መጠየቅ የሚቻለው አንድ ዓይነት ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር ነው፣ በፎቶው ጥራት ረገድ ደግሞ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ጀማሪ የሚያየው አይደለም።

ኒኮን የሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የዲ3000ና የዲ5000 ተከታታይ ቦዲዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ስለዚህ ሞተር የሌለው የድሮ ሌንስ ሲገጠምላቸው ፎከስ በእጅ ካልተዞረ በቀር አይሠራም። አንድ ጓደኛዬ ዲ5300 ላይ የሚገጥመው 50ሚሜ 1.8ዲ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ደስ እያለው ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ይዞት መጥቶ፣ ልጆቹን ሊያነሳ ሲል ሌንሱ ድምፁን አላሰማም። የተበላሸ መስሎት ነበር። ሌንሱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ቦዲው ውስጥ መኖር የነበረበት ሞተር ነው። በሌንሱ ላይ "ኤኤፍ-ኤስ" የሚል ጽሑፍ መኖሩን ቀድሞ ማየት ይህን ያድናል። "ኤኤፍ-ፒ" የሚለው አዲሱ ዓይነት ደግሞ በተቃራኒው በቆዩት የኒኮን ቦዲዎች ላይ ፎከስ አያደርግም።

ፉል ፍሬም ካልሆነ ዋጋ የለውም ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም። ፉል ፍሬም ማለት ሰንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ ነው። ክሮፕ የሚባሉት የካኖን ሰንሰሮች ወደ 22 በ15፣ የኒኮንና የሶኒ ደግሞ ወደ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ናቸው። ትልቁ ሰንሰር በጨለማ የተሻለ ንጹሕ ፎቶ ይሰጣል፣ ብለሩም ይጨምራል፤ ነገር ግን ሌንሶቹ ይከብዳሉ፣ ዋጋቸውም ያስደነግጣል። ወፍ ለሚወድ ሰው ክሮፑ እንዲያውም ይጠቅመዋል፤ 300ሚሜ ሌንስ በኒኮን ክሮፕ ላይ በፉል ፍሬም 450ሚሜ የሚያሳየውን ያህል ያጠብባልና።

ስንት ሜጋፒክሰል ይበቃል?

24 ሜጋፒክሰል ፎቶ 6000 በ4000 ነጥብ ስለሆነ ጥራቱ ሳይጓደል ወደ 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ በላይ የሚከፈል ገንዘብ ለቴሌግራም ፎቶ አይጠቅምም።

ሌንሱ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ምን ይነግሩኛል?

ኪት ሌንሱ ላይ "18-55ሚሜ" እና "1፡3.5-5.6" ተጽፎ ያገኛሉ። የመጀመሪያው የእይታውን ስፋት የሚናገር ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ሁለተኛው የብርሃን ቀዳዳው፣ ማለትም አፐርቸሩ የሚከፈትበት የመጨረሻ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋ መሆኑ ግራ ያጋባልና። ኪት ሌንስ በ18ሚሜ ላይ ኤፍ 3.5 ይከፈታል፤ ወደ 55ሚሜ ሲያቀርቡት ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ማታ ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ያንሱ። በኤፍ 5.6 ካሜራው አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 6400 ገፍቶ ፎቶውን አሸዋ የተበተነበት ያስመስለዋል፤ በኤፍ 1.8 ግን ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ስለሚገባ ያው ፎቶ በአይኤስኦ 640 አካባቢ ይነሳል። የጭሱ ሽብልል፣ የጀበናው አፍ፣ የቡና አፍይዋ ፊት ያለ ፍላሽ ይታያሉ። ብዙ ሰው በቦዲው የሚያማርረው ይህን የሌንስ ጉድለት ነው።

ከኪት ሌንሱ ቀጥሎ የመጀመሪያው ሌንስ ምን ይሁን?

ለአብዛኛው ሰው 50ሚሜ ኤፍ 1.8 ይሁን፤ ቤት ውስጥ ለሚያነሳ ግን 35ሚሜ ኤፍ 1.8 ይሻላል። ካኖን በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው 50ሚሜ 160 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በጥቂት ገንዘብም ይገኛል። ዙም የለውም፤ መቅረብ ወይም መራቅ የሚቻለው በእግር ብቻ ነው። ይህም ጉዳት መስሎ ይታያል እንጂ ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሰው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ዙም እያዞረ ከማንሳት ይልቅ ወደሚያነሳው ነገር መቅረብን ይለምዳልና።

ሁለት ነገሮችን ግን ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ ክሮፕ ካሜራ ላይ 50ሚሜ በፉል ፍሬም 75 ወይም 80ሚሜ የሚያሳየውን ያህል ያጠብባል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ለማስገባት ጀርባዎ ግድግዳ ይነካል። ሁለተኛው፣ በኤፍ 1.8 ከሁለት ሜትር ላይ ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሙሽሮቹ ትከሻ ለትከሻ ካልቆሙ አንዷ ጥርት ብላ ትታያለች፣ አንዱ ይደበዝዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቅሬታ ፎቶ አንሺ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ሰው ሲኖር ኤፍ 4፣ ሰብሰብ ያለ ቤተሰብ ሲሆን ኤፍ 5.6 ማድረግ ነው።

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ የቄጣላውን ጭፈራ ለማንሳት የሚመጡ ሰዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ካሜራ የያዘ ሰው በዝቷል። እዚያ የሚያገለግለው በአንድ በኩል ሰፊው ኪት ሌንስ ነው፤ ተደርድሮ የሚዘልለውን ሕዝብ ከነአቧራው ያስገባል፤ በሌላ በኩል የአንድ አዛውንትን ፊት ከሕዝቡ መካከል ለይቶ የሚያወጣው 50 ወይም ከዚያ የረዘመው ነው። የሹተር (ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ፍጥነቱ ከ1/500 ሰከንድ ባያንስ እግሮቹ አይደበዝዙም።

የሐይቁን ወፎች ለማንሳት ምን ሌንስ ያስፈልጋል?

እንደ ወፉ ነው። አባ ኮዳ ሰው የማይፈራ፣ ዓሣ ገበያው ውስጥ አንጀት ሲጣልለት ከሰው እግር ሥር የሚገባ ወፍ ስለሆነ በ50ሚሜም ይነሳል። ዓሣ በል ንስር ግን ከውሃው በላይ ካለው ደረቅ ቅርንጫፍ አይወርድም፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ውሃው ላይ ባለበት የሚያንዣብበው ትንሹ የዓሣ አጥማጅ ወፍም ከ30 ሜትር ላይ ነጥብ ነው የሚሆነው።

ለጀማሪ 55-250ሚሜ ወይም 70-300ሚሜ በቂ መነሻ ነው። የካኖኑ 55-250 ኤስቲኤም 375 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ቀኑን ሙሉ ቢያዝ ክንድ አያሳምምም። ሲግማና ታምሮን የሚሠሯቸው 150-600ሚሜ ሌንሶች ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋሉ፤ ወፍን ከልቡ ለሚከተል ሰው ዋጋቸውን ያወጣሉ፣ በወር አንዴ ለሚወጣ ሰው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ይተኛሉ። በእጅ ሲነሳ የሹተር ፍጥነቱ በትንሹ ከሌንሱ የሚሜ ቁጥር ጋር የሚመጣጠን፣ ለ250ሚሜ ክሮፕ ላይ 1/400 ያህል ይሁን፤ ለሚበር ወፍ 1/1600 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ምስሉን የሚያረጋጋው የሌንሱ ሥርዓት የእጅዎን መንቀጥቀጥ እንጂ የክንፉን መርገብገብ አያቆምም።

አንድ ምክር ልጨምር፤ የጀልባ ጉዞው ከሌንሱ ይቀድማል። ሌሎች ሰዎችን አስተባብረው አንድ ጀልባ በጠዋት ቢከራዩና ባለ ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ በቀስታ እንዲጠጋ ቢጠይቁት፣ በ250 ያገኙት ፎቶ ከዳር ሆኖ በ600 ከተነሳው ይበልጣል።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ የማነሳቸው ጀልባዎች ጥቁር ሆነው ይወጡብኛል፤ የተሻለ ካሜራ ልግዛ?

አይግዙ፤ በጠዋት ይምጡ። ከተማችን ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ የተቀመጠች ስለሆነች ዳር ላይ ቆሞ ወደ ውሃው የሚመለከት ሰው ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከፊቱ ናት። ከፊት የምትመጣ ፀሐይ ካሜራውን ታታልለዋለች፤ ሰማዩ በጣም ብሩህ ነው ብሎ ሲያጨልመው ጀልባውና ሰውየው ጥላ ይሆናሉ። ይህ ራሱ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ታቦር ላይ ወጥቶ የሐይቁን ማምሻ የሚያነሳ ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ፊት የሚታይበት ፎቶ ከፈለጉ ግን የተጋላጭነት ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያፈካውን ወይም የሚያጨልመውን ማስተካከያ) በአንድ ነጥብ ከፍ ማድረግ ወይም ሰዓት መቀየር ነው።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለውን ያመለጠ ሰው ከ3 ሰዓት በኋላ የሚያገኘው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ጥላ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ጀልባዎቹ ሌሊቱን ያደረውን መረብ ይዘው የሚገቡትም በዚያው ሰዓት ነው።

ያገለገለ ካሜራና ሌንስ ስገዛ ምን ልመርምር?

በቀን ይግዙ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ ምሽት ላይ የገዛሁት ሌንስ ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስል ነበር፤ ቤት አምጥቼ የስልክ መብራት ከኋላው ሳበራበት ግን ውስጡ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር አየሁ። ሻጋታ ነው። ፎቶዎቹ ሁሉ ቀጭን ጉም የለበሱ ይመስሉ ነበር፤ ሻጩም "ስትወስደው ደኅና ነበር" አለኝ፣ ክርክሩም በዚያው አበቃ። ስለዚህ ሌንሱን አፐርቸሩን ከፍተው በሁለቱም በኩል በመብራት ይዩት፤ ጥቃቅን አቧራ አያስጨንቅም፣ ክርና ጉም ግን ያስመልሳል። ከፊት መስታወት ጭረት ይልቅ የኋላው ጭረት የበለጠ ይጎዳል። ዙሙና ፎከሱ ሲዞር አሸዋ የገባበት ድምፅ ካለ ሌንሱ ወድቋል ወይም አቧራ በልቷል ማለት ነው።

ቦዲው ላይ ደግሞ አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርገው ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሱና ያስፉት፤ የሰንሰር ቆሻሻ እንደ ግራጫ ነጠብጣብ ይታያል። ቆሻሻው ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይድንም። የሹተር ካውንት (ካሜራው እስካሁን ያነሳው የፎቶ ብዛት) ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፤ ኒኮን ቁጥሩን በእያንዳንዱ ፎቶ መረጃ ውስጥ ስለሚጽፈው በቀላሉ ይነበባል፣ ብዙዎቹ ካኖኖች ግን በኬብልና በልዩ ፕሮግራም ካልሆነ አይናገሩም። እንደ ካኖን 80ዲ ያለው ካሜራ ለ100,000 ያህል ምት የተሠራ ነው፤ ከዚያ አልፎ የሚሠራ አለ፣ ሳይደርስበት የሚሞትም አለ። ከቁጥሩ ይልቅ የሠርግ ቤት ካሜራ ነበር ወይስ የግል የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይነግራል። ባትሪው ያበጠ እንዳይሆን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያሽከርክሩት፤ ከተሽከረከረ አብጧል።

ሜሞሪ ካርድስ?

በርካሽ የሚሸጥ ትልቅ መጠን ያለው ካርድ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጠቀምዎ በፊት ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ይጻፉበትና መልሰው ያንብቡት። ከአንድ 128 ጊጋ ሁለት 64 ጊጋ ይሻላል።

ትራይፖድ፣ ፊልተር፣ ፍላሽ ከመጀመሪያው ልግዛ?

ፍላሽና ትራይፖድ ይቆዩ። በነገራችን ላይ፣ ካኖን 250ዲ ላይ ፍላሽ የሚገጠምበት ቦታ መካከለኛው መገናኛ ነጥብ ስለሌለው ብዙ ርካሽ ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያስነሱ መሣሪያዎች) አይተኩሱበትም፤ ለልደት ሥራ ጭምር አስቦ የሚገዛ ሰው ይወቀው።

የውሃ ነጸብራቅ የሚያጠፋው ፖላራይዘር ፊልተር ግን ሐይቅ ላለው ከተማ ሰው ይጠቅማል። የሌንሱ ሁድም (ከፊቱ የሚገጠመው ጥላ ሰጪ) እንደዚያው። ዓሣ ገበያ ውስጥ አንድ ልጅ ቆሮሶ ዓሣውን በግራ እጁ ጨብጦ በቢላው ሲልጠው ቅርፊቱ እንደ ብር ሳንቲም ይበተናል፤ ሌንስ ላይ ያረፈ ቅርፊት ሲደርቅ ይጣበቅና ሲፈቀፈቅ መስታወቱን ይጭራል። እንዲህ ቀርቦ የሚያነሳ ሰው ተራ መከላከያ ፊልተር ቢያደርግ ወጪው ከንቱ አይሆንም። ልጁን ከማንሳትዎ በፊት ማስፈቀድዎን አይርሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ፎቶውን እንዲያሳዩት ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር ያለው እርጥበትና አቧራ ካሜራዬን ይጎዳል?

ይጎዳል፤ በተለይ በክረምት ቦርሳ ውስጥ ተቆልፎ ለወራት የሚቀመጥ ሌንስ ሻጋታ ያወጣል። ካሜራውን ከቆዳ ቦርሳው አውጥተው ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ያስቀምጡት፤ ከረጢቶቹንም በየጊዜው ይቀይሯቸው። ሌንስ ሲቀይሩ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ቦዲውን ወደ መሬት አዘቅዝቀው በፍጥነት ይቀይሩ። ሰንሰሩን በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያሳርፍበታል፤ በጎማ መንፊያ ይንፉት።

አሁን ያለኝን ካሜራ መቼ ልቀይር?

ያልተሳካልዎትን ፎቶ በስም መጥራት ሲችሉ ነው። "ካሜራዬ አርጅቷል" የሚለው ምክንያት አይደለም። የእኔ 700ዲ ዘጠኝ የፎከስ ነጥብ ብቻ ስላለው፣ ንስሩ ከቅርንጫፉ ተነሥቶ ወደ ውሃው ሲወረወር ነጥቦቹ ይስቱትና ከኋላ ያለውን ሸምበቆ ይይዛሉ። በሰከንድ አምስት ፎቶ ስለሚያነሳም ጥፍሩ ውሃውን የሚነካበት ቅጽበት በሁለት ፎቶዎች መካከል ይወድቃል። ይህን ከሃያ ጊዜ በላይ ሞክሬ ስላልሆነልኝ ለወፍ የሚሆን ቦዲ እየፈለግሁ ነው። የገበያውን ሰዎች የማነሳው ግን አሁንም በዚሁ ነው፤ የተላጠውን የእጅ መያዣ ጎማውን ባለፈው ሳምንት በማስቲሽ አጣብቄዋለሁ።